«አምስት ዓመት ያስተማርኩሽ ኬብል ልትጎትቺ ነው?»

ከደብረ ብርሃን ለጻፍሽልኝ፣

ደብዳቤሽን ላላዩት አንባቢዎች ጉዳዩን ባጭሩ ልንገራቸው። በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ከተመረቅሽ ሁለት ዓመት ሊሞላሽ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ በስቱዲዮ ረዳትነት ሊቀጥርሽ ፈልጓል፤ ደመወዙ ግን አጎትሽ በሪል እስቴት ሽያጭ ያገኘልሽ ሥራ ያስገኛል ከተባለው ግማሹን አይሞላም። አባትሽ «አምስት ዓመት ያስተማርኩሽ ኬብል ልትጎትቺ ነው?» ብለው ተቆጥተዋል። አንቺን ግን ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የነሳሽ ለቃለ መጠይቅ በሄድሽ ቀን ኮሪደሩ ላይ ያየሽው አሮጌ የስቱዲዮ ካሜራ ነው። «ጋሼ፣ አቧራ ለብሶ ለጌጥ ቆሟል። የምማረው ነገር ሁሉ ከአሥር ዓመት በኋላ እንደዚያ ቢሆንስ?» ብለሻል።

የስቱዲዮውን ሥራ ያዢ። ለምን እንደምልሽ ለማስረዳት ግን ስለዚያ ካሜራ ማውራት አለብኝ። የሥራ አማካሪ ከመሆኔ በፊት እንጀራዬን የበላሁት እንደዚያ ባሉ ካሜራዎች ጀርባ ቆሜ ነውና መልሴ ቢረዝም ታገሺኝ።

ያየሽው ካሜራ እንደዛሬዎቹ ቺፕ የለውም። ብርሃኑን የሚቀበለው ቲዩብ የሚባል አየር የወጣለት የመስታወት ዕቃ ነው። ምስሉ ቲዩቡ ፊት ላይ ሲያርፍ፣ ከኋላ የኤሌክትሮን ጨረር መስመር በመስመር እየጠረገ ወደ ሲግናል ይለውጠዋል። ለጥቁርና ነጭ አንድ ቲዩብ ይበቃል። ባለቀለሙ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነበረው፤ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ። ሦስቱ ምስሎች አንዱ ባንዱ ላይ በትክክል ካልተቀመጡ የዜና አንባቢው ከንፈር ዳር ዳሩን ቀይ ጥላ ያወጣል። ስለዚህ ከስርጭቱ ብዙ ቀደም ብለን እንገባ ነበር። ካሜራዎቹ እስኪሞቁ እንጠብቃለን፤ ነጫጭ መስመሮች የተሰመሩበትን ካርድ ፊታቸው እናቆማለን፤ ከዚያ ሲሲዩ በሚባለው የካሜራ መቆጣጠሪያ ላይ የተቀመጠው ቴክኒሺያን፣ ማለትም እያንዳንዱን ካሜራ በኬብል ከሩቅ የሚቆጣጠረው ሰው፣ ቀዩንና ሰማያዊውን በየተራ አረንጓዴው ላይ እስኪገጥሙ ድረስ ጥቃቅን ቁልፎችን ያዞራል። ስቱዲዮው በመብራት ሲግል ደግሞ ያ ሁሉ የተገጣጠመው ምስል ቀስ እያለ ይንሸራተታል።

እኔ የገባሁት ጥቁርና ነጩ ሊሰናበት ሲል ነው። አገራችን ቴሌቪዥን ያየችው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ስቱዲዮ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር። ባለቀለሙ ስርጭት የተጀመረው በ1977፣ ኢሠፓ ሲመሠረት ነው። ስለዚህ ያስተማሩኝ ሰዎች ከእኔ የባሰ መከራ የነበረበትን ዘመን የሚያውቁ ነበሩ። ዙም ሌንስ ከመለመዱ በፊት የስቱዲዮ ካሜራ ፊቱ ላይ እንደ ሪቮልቨር ሽጉጥ ጎማ የሚዞር ክብ ሳህን ነበረው፤ አራት ሌንስ ይገጠምበታል። ካሜራማኑ ከሰፊ ፍሬም ወደ ክሎዝአፕ ለመሄድ ከኋላ ያለውን እጀታ ጨብጦ ሳህኑን ያዞራል፣ ወዲያው ፎከሱን ይይዛል። ይህንን ማድረግ የሚችለው ዳይሬክተሩ ሌላ ካሜራ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ካሜራው አናት ላይ ያለችው ቀይ መብራት በርታ ሳለ ቢያዞረው አገር ምድሩ ያየዋል።

ቲዩቡ ራሱም አመል ነበረው። በተለይ ኢሜጅ ኦርቲኮን የሚባለው፣ አንድ ደማቅ ምስል ላይ ደርቆ ከቆየ ምስሉን ይዞ ይቀራል። የፕሮግራሙን ርዕስ የያዘውን ካርድ ሲያሳይ የቆየ ካሜራ ወደ እንግዳው ሲዞር፣ ፊደሎቹ የሰውየው ግንባር ላይ ደብዝዘው ይታያሉ። ለዚህ ነው የድሮ ካሜራማኖች ምንም የማይንቀሳቀስ ነገር እየቀረጹ እንኳ እጃቸው የማያርፈው፤ ተመልካች በማያስተውለው መጠን ፍሬሙን ወዲህ ወዲያ ያደርጉ ነበር። ቢቢሲ በ1936 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ለንደን ውስጥ ከአሌክሳንድራ ፓላስ መደበኛ ስርጭት ሲጀምር የሠሩት ሰዎችማ ከዚህም የከፋ ገጥሟቸዋል፤ ኤሚትሮን በሚባለው ካሜራቸው ላይ ካሜራማኑ በሚያይበት ማያ ምስሉ የሚታየው ተገልብጦ ነበር። እግሩ ወደ ላይ የሆነ ዘፋኝ እያዩ ነው ፍሬም የሚሠሩት።

ይህን ሁሉ የማወራልሽ የድሮ ሰው ስለሆንኩ ብቻ አይደለም (እሱም አለበት)። በፈረንጆች 1980ዎቹ ሲሲዲ የሚባለው ቺፕ ሲመጣ ቀይን በአረንጓዴ ላይ መግጠም የሚባለው ጥበብ ሞተ። ብዙ ዓመት የደከሙበት ሰዎች ነበሩ፤ በቃ፣ አያስፈልግም ተባለ። ስለዚህ ፍርሃትሽ መሠረት የለውም ብዬ አልዋሽሽም። ከሥራው ውስጥ የሚሞት ክፍል አለ። ጥያቄው አንቺ የትኛውን ክፍል ልትማሪ እንደምትገቢ ነው።

የነጠላውን ነገር ላንሳልሽ። የበዓል ፕሮግራም በመጣ ቁጥር ራስ ምታታችን ነጠላ ነበር። የቲዩብ ካሜራ በደማቁና በጨለማው ቦታ መካከል ያለው ልዩነት ከ30 ወይም 40 እጥፍ ካለፈ ይጨንቀዋል። ጠይም ዘፋኝ ነጭ ባነጭ ለብሳ መብራቱ ሥር ትቆማለች። አይሪሱን፣ ማለትም የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፣ ለፊቷ ስትከፍቺው የነጠላው ሽመና ይጠፋል፣ ጥለቱ ይበላል፣ ነጩ ስክሪኑን ያጥለቀልቀዋል። ለነጠላው ስትዘጊው ደግሞ ዓይኗ የት እንዳለ አይለይም። መሣሪያው ጋር የሚመጡት የቀለም ማስተካከያ ካርዶች ላይ የምናያቸው ፊቶች የነጭ ነበሩና መመሪያው አይረዳንም። እና ምን ይደረጋል? አንድ አንጋፋ ቴክኒሺያን ነበር፤ በማዳመጫው ዝቅ ባለ ድምፅ «ሁለት፣ ጠጋ በል፤ ትከሻዋን ቁረጥልኝ» ይለኝ ነበር፤ «ሁለት» የካሜራዬ ቁጥር ነው። ጠጋ ብዬ ትከሻዋን ከፍሬም ሳስወጣው ከነጩ ግማሹ አብሮ ይወጣል፤ እሱም አይሪሱን ትንሽ ይከፍታል፣ ፊቷ ይመጣል። የመብራት ሠራተኛው በበኩሉ ሳይታዘዝ የመብራቱን ክንፍ አጠፍ አድርጎ ነጠላው ላይ ጥላ ይጥላል። ጊዜ ካለ ነጠላውን ቀለል ያለ ሻይ ውስጥ ነክሮ ማድረቅም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ስክሪን ላይ ነጭ ይመስላል፣ ካሜራውን ግን አያስቸግርም።

አሁን ስልክሽን አውጪና የዘመድሽን ሠርግ ቪዲዮ ተመልከቺ። ሙሽራዋ ወደ ካሜራው ዞር ባለች ቁጥር ፊቷ ሲጨልም፣ ፊቷን ስትመልስ ደግሞ ቀሚሷ በነጭ ሲጥለቀለቅ ታያለሽ። የዛሬ የስቱዲዮ ካሜራ ከ1000 እጥፍ በላይ ልዩነት ይችላል፤ ነጭ ቀሚስና ጠይም ፊት ግን አሁንም አንድ ፍሬም ውስጥ ይጣላሉ፤ የሚያስታርቃቸውም ሰው ነው። ያ ሰው በብዙ ጣቢያዎቻችን የለም። ካሜራውን አውቶማቲክ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። ዜናችንን አይተሽ የአንባቢዋ ፊት አመድ መስሎ ከታየሽ ምክንያቱ ይኸው ነው።

እንግዲህ የኬብሉን ጉዳይ እንነጋገር። አባትሽ ኬብል መጎተትን የጉልበት ሥራ አድርገው ነው ያዩት፤ አይፈረድባቸውም። በእኛ ጊዜ ኬብሉ ውስጡ ብዙ ሽቦ የታጨቀበት፣ ወፍራምና እምቢተኛ ነበር። ካሜራው ወደፊት ሲሄድ ረዳቱ ይለቃል፣ ወደኋላ ሲመለስ ይሰበስባል፤ ጎማው ኬብሉ ላይ ከወጣ ምስሉ ይዘላል፣ ኬብሉ ወለሉን ከፋቀ ድምፁ ማይክ ይገባል። ይህንን በትክክል ለመሥራት ረዳቱ ካሜራው ቀጥሎ የት እንደሚሄድ ካሜራማኑ ሳይንቀሳቀስ በፊት ማወቅ አለበት። ስለዚህ ማዳመጫ ያደርጋል፣ ዳይሬክተሩ የሚለውን ሁሉ ይሰማል፣ ለሌሎቹ ካሜራዎች የሚሰጠውንም ትእዛዝ ጭምር። ጥቂት ወራት እንዲህ የሰማ ሰው «አሁን ወደ ካሜራ ሦስት ይሄዳል» ብሎ በልቡ ይገምታል፣ ግምቱም ይሰምራል። ያ ጆሮ ዩቲዩብ ላይ አይገኝም። ኬብሉ ዛሬ ቀጥኗል፣ ያንን የሚያስተምረው ቦታ ግን ያው ነው።

ስለ አባትሽ በግልጽ ልናገር፣ እንዳትቀየሚኝ። እሳቸውን ያሳፈራቸው ኬብሉ አይመስለኝም። ዕድር ላይ «ልጅህ የት ገባች?» ሲባሉ የሚመልሱት ስም ነው ያጡት። «ኢንጂነር» ብለው ለዓመታት አውርተዋል። ሪል እስቴቱም እኮ ኢንጂነርነትሽን አይፈልገውም፤ ስልክ እየደወልሽ ቤት እንድትሸጪ ነው የሚፈልግሽ። የላክሽልኝን የሥራ ውል አይቼዋለሁ። ያ ትልቅ ገንዘብ አብዛኛው ኮሚሽን ነው። ባልሸጥሽበት ወር የምታገኚው ከስቱዲዮው ደመወዝ እምብዛም አይበልጥም። አጎትሽ ይህንን ለአባትሽ አልነገሯቸውም ይሆናል፤ አንቺ ንገሪያቸው፣ ወረቀቱን አሳዪያቸው። የወንድሞችሽን የትምህርት ቤት ወጪ በተመለከተ በወር የምትችዪውን ቁርጥ ያለ መጠን ተናግረሽ እሱን ሳታጓድዪ ላኪ። በይሉኝታ የማትችዪውን ቃል ከገባሽ ሦስተኛው ወር ላይ ሥራውን ትተሽ ትመለሻለሽ። ሰሚት ያለችው አክስትሽ ቤቷ እንድትቀመጪ ፈቅዳለች ብለሻል፤ ኪራይ ከሌለብሽ ደመወዙ ባይመችም ያኖርሻል።

ሮቦት ካሜራን የፈራሽው እውነትሽን ነው። ዜና ስቱዲዮ ውስጥ ሦስቱንም ካሜራ አንድ ሰው ከኮንትሮል ሩም የሚያዝበት አሠራር ውጭ አገር ከተለመደ ቆይቷል፤ እኛም ጋ እየገባ ነው። ስለዚህ ዜና አንባቢ ፊት ለፊት ቆሞ መዋል የዕድሜ ልክ ሥራ ይሆናል ብለሽ አትግቢ። ካሜራውን ተማሪ፣ ኳስ፣ ኮንሰርት፣ የአደባባይ በዓል ሲኖር ከሚወጣው ቡድን ጋር ለመሄድ ታገዪ፣ ቀስ በቀስ ግን ዓይንሽን ሲሲዩ ወንበር ላይ አድርጊ። ሲግናሉን የምታውቅ፣ ፍሬምም የሚገባት ኢንጂነር በዚህ ከተማ ውስጥ ብርቅ ናት። ብዙ ኢንጂነሮች መሣሪያው መሥራቱን እንጂ ምስሉን አያዩም፤ ብዙ ካሜራማኖች ደግሞ ምስሉ ለምን እንደተበላሸ አያውቁም። እኔም በመጨረሻ የተቀመጥኩት እዚያ ወንበር ላይ ነው፤ ምክሬ ወደዚያ ካዘነበለ ምክንያቱን አንቺው ታውቂዋለሽ።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልመልስ። ዕቁብሽን ሰብስበሽ፣ በላዩ ብድር ጨምረሽ የራስሽን ካሜራ መግዛት፦ አይሆንም፤ ዋጋው ሲወርድ ዕዳሽ አይወርድም። ሴት ስለሆንሽ ይከብድሻል ያሉሽ ሰዎች የስቱዲዮ ካሜራ ማቆሚያ ነክተው የሚያውቁ አይመስሉኝም፤ ክብደቱ የተመዛዘነ ስለሆነ ባንድ እጅ ከፍና ዝቅ ይላል። ከባዱ የማታ ፈረቃው ነው፤ ሰርቪስ እንዳላቸው ጠይቂ። እንግሊዝኛሽ የመሣሪያ መመሪያ ለማንበብ ከበቃሽ ይበቃሻል። ልግባበት ወይ ያልሽኝን የፊልም ትምህርት ቤት ለጊዜው ተዪው።

ከመፈረምሽ በፊት ስቱዲዮው ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት አንድ ቀን ግቢና ተመልከቺ። ሲሲዩ ላይ ሰው ተቀምጧል ወይስ ወንበሩ ባዶ ነው? ረዳቶች ማዳመጫ ያደርጋሉ? የልጆች ፕሮግራም ወይም ሌላ ቀላል ቀረጻ ሲኖር ካሜራ እንዲይዙ ይፈቀድላቸዋል? ወንበሩ ባዶ ቢሆን እንኳ ግቢ፣ ክፍት ቦታ ነው ማለት ነው። በዓመት ውስጥ ካሜራም ሲሲዩም ካላስነኩሽ ግን ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። ማዳመጫ ለረዳት አይሰጥም ካሉሽ ደግሞ ዓመቱንም አትጠብቂ፤ ሳትፈርሚ ደውዪልኝ።