ስለ ቁስል ጄል ለጠየቀኝ ተማሪና ለጓደኞቹ

አንድ የፋርማሲ ተማሪ «አንቲባዮቲክ የሌለበት ጄል ያመረቀዘ ቁስል ያድናል? የመመረቂያ ጥናቴን በዚህ ላይ ብሠራ ጊዜዬን ማባከን ይሆንብኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ወዲያው መመለስ አልቻልኩም።

በወጣትነቴ ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ነርስ ነበርኩ። እግሩን እሳት የበላው አንድ ገበሬ ተኝቶ ነበር። መግሉ አረንጓዴ ነው፤ ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ምልክቱ ይኸው ነው። የነበሩን መድኃኒቶች አልበገሩትም። በየማለዳው የደረቀውን ጎዝ ስናነሳ አዲስ የበቀለው ሥጋ አብሮ ይላጣል፤ ሰውየው ጋቢውን ይነክሳል እንጂ አይጮኽም። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ጎዝ እየቆጠሩ የሚሰጡበት ዘመን ነበር። እንደ እሳቸው እጅ ለስላሳ ግን አላየሁም።

አንድ ቀን ሚስቱ በቅል ማር ይዛ መጣች። «እባካችሁ ልቀባው» አለች። መለስናት። ዛሬም ቢሆን ከቀፎ የመጣ ማር ክፍት ቁስል ላይ አይደረግም እላለሁ፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን ሰውነት የሚያሽመደምድ በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል። እግሩ ተቆረጠ። የሚቆጨኝ፣ ማሩ ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀ አንድም ሰው በመካከላችን አለመኖሩ ነው።

መልሱ የተደበቀ አልነበረም። ማር ከባክቴሪያው ውኃ ይስባል፣ አሲዳማ ነው፣ ሲቀጥንም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል። በብዙ አቅጣጫ ስለሚያጠቃ ባክቴሪያው በቀላሉ አይለምደውም። ዛሬ በጋማ ጨረር የጸዳ የማር ጄል በሌሎች አገሮች ይሸጣል። ሽሪምፕ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ቅርፊት የሚገኘው ካይቶሳን የተባለ ንጥረ ነገር ደግሞ በአዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙላቱ የባክቴሪያውን ሽፋን ያናጋል። ጄል ቁስሉን እርጥብ አድርጎ ስለሚይዝ ሥጋ አይላጥም፤ እርጥብ ቁስል ቶሎ እንደሚሽር ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር በ1962 እ.ኤ.አ. በአሳማ ቆዳ ላይ አሳይቷል።

ልጄ፣ ጥናቱን ሥራው። ነገር ግን ትኩሳት ለያዘው፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ለገባበት ሰው ጄል ብቻውን አይበቃም፤ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል።

የዛሬ ወጣቶች እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶችን የሚመለከተው «ናኖ» የሚል ቃል የሌለበትን ጥናት ትንቃላችሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። በሌላ በኩል እኛ በዓመታት ያላገኘነውን ንባብ በአንድ ሌሊት ታገኛላችሁ፤ በዚህ እቀናለሁ። የትግራይ ነጭ ማርና የከፋ ጫካ ማር አበባቸው ይለያያል፤ ስለዚህ ማሩ ከየት እንደመጣና በየትኛው ወር እንደተቆረጠ መዝግብ። ያልተሳካውን ሙከራም ጭምር ጻፍና ላክልኝ፤ አነበዋለሁ።