«ካ» ጥያቄ ብቻ አይደለችም

እህቴ፣ «በጃፓንኛ ካ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ገብታ ጥያቄ ታደርጋለች ተብዬ ተምሬ፣ 'ኮሂ ካ ኦቻ' ውስጥ መሃል ላይ ምን ትሠራለች?» ብለሻል። እኔም ጃፓን በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት እዚችው ላይ ተደናቅፌያለሁ። የገላገለኝ የራሳችን «ወይ» ነው።

«መጣ ወይ?» ስንል ጥያቄ ነው፤ «ቡና ወይ ሻይ» ስንል ምርጫ። ካም እንደዚያው ናት። «ኢኪማስ ካ» ይሄዳሉ ወይ፣ «ኮሂ ካ ኦቻ» ቡና ወይ ሻይ። «ኩሩ ካ ዶ ካ ዋካራናይ» ቢመጣብሽም አትደንግጪ፣ «ይምጣ አይምጣ አላውቅም» ነው።

«ወይ» የማያግዝሽ ካ ከመጠየቂያ ቃል ጋር ስትጣበቅ ነው። ዳሬ «ማን» ነው፣ ዳሬካ «የሆነ ሰው»፤ ናኒ «ምን»፣ ናኒካ «የሆነ ነገር»። ይኼን ሸምድጂው፣ ሌላ መላ የለውም።

ድምፅሽን ግን ተጠንቀቂ። አለቃዬ ሥራ ሲያስረዳኝ «ሶ ዴስ ካ» እያልኩ መጨረሻውን ወደ ላይ እስበው ነበር። ሰውዬው በየመሃሉ ያቆምና እንደ አዲስ ይጀምርልኛል! ያላመንኩት እየመሰለው ነው። ዝቅ ስታደርጊው «አሃ፣ ለካ እንደዚያ ነው» ይሆናል፤ ከፍ ስታደርጊው «እውነት?»። ከጓደኛ ጋር ደግሞ ካን ተያት፤ «ኢኩ?» (ትሄጃለሽ?) ብሎ ድምፅ ማንሳት ይበቃል። «ኢኩ ካ?» ሻከር ይላል።

አንድ የነሐሴ ሌሊት አብሮኝ የሚኖረው ልጅ «ካ!» ብሎ ከአልጋው ተነሳ። ጥያቄው ምን እንደሆነ ስጠብቅ ክንዴን በጥፊ አጮለኝ። ካ ቢምቢም ናት ለካ። «ቢምቢ ናት ወይ?» ለማለት «ካ ካ?» ይባላል፤ አትሳቂ። ሲጻፍ ብዙም አያምታታም፦ የቢምቢዋ ካ አብዛኛውን ጊዜ በካንጂ (ትርጉም በያዘው ከቻይና በመጣው ፊደል) ትጻፋለች፣ በግራዋ የነፍሳት ምልክት አለባት፤ የጥያቄዋ ሂራጋና (ድምፅ ብቻ በሚያሳየው የጃፓን ፊደል የምትጻፍ) ናት። ሆስፒታል የምታያቸው «ናይካ» (የውስጥ ደዌ) እና «ጌካ» (ቀዶ ሕክምና)፣ የማክሰኞዋ «ካዮቢ»ም የየራሳቸው ካንጂ አላቸው። የማክሰኞዋ ካ እሳት ናት።

የመማሪያ መጽሐፍሽ መጀመሪያ ላይ ያለው «ዳይ ኢካ»ም ጥያቄ አይደለም፣ «ትምህርት 1» ነው። እዚያ ላይ ካን አጥብቀሽ አንብቢያት፤ ካላላሻት «ኢካ» ስኩዊድ የሚባለው የባሕር እንስሳ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ አላልቼ አንብቤ አስተማሪዋ እየሳቀች ሰሌዳው ላይ ስኩዊድ ሥላልኛለች።