ጎርፍ ላይ መሥራት ለምትፈልጉ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በቅየሳ ጀምሬ ኋላ ወደ ሃይድሮሎጂ (የወንዝና የዝናብ ውሃ ጥናት) የገባሁ የደሴ ሰው ነኝ። ክረምት በተቃረበ ቁጥር «ጎርፍ መከላከል ላይ መሥራት የሚፈልግ ከየት ይጀምር?» የሚሉኝ ስለበዙ፣ ጥያቄያችሁን አምጡ ብዬ ነበር። የቻልኩትን ያህል እነሆ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በውሃ ምህንድስና ተመርቄ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ግን «የጎርፍ ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም።

መልስ፦ በዚያ ስም ከፈለግከው አታገኘውም፤ ሥራው በየመሥሪያ ቤቱ ተበትኖ ነው ያለው። የወንዝ ልኬቱና የተፋሰስ ጥናቱ ውሃና ኢነርጂ ዘንድ ነው፣ ትንበያው ሚቲዎሮሎጂ፣ ዝግጁነቱና እርዳታው አደጋ መከላከል፣ ቦዩና ካልቨርቱ (ውሃ በመንገድ ሥር የሚያልፍበት መተላለፊያ) ከተማ አስተዳደር፣ እርከኑና ክትሩ ደግሞ ግብርና። ሰሌዳ ላይ «ሃይድሮሎጂስት»፣ «የድሬኔጅ ባለሙያ»፣ «የተፋሰስ ልማት ባለሙያ»፣ «የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያ» የሚሉትን ተከታተል።

እኔን ካልክ ከከተማ አስተዳደር ጀምር። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲወርድ 1,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ 40 ሚሊ ሜትር ከጣለ 40,000 ነው። ከጦሳ ተራራ ቁልቁል የሚመጣ ውሃ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅህም። ቦዩ ይበቃዋል ወይስ አይበቃውም የሚለውን ዝናብ ላይ ቆሞ ያየ ወጣት፣ በኋላ የትም ቢገባ ሥራው አይከብደውም።

ጥያቄ፦ እኔ የሶሺዮሎጂ ምሩቅ ነኝ። ለእኛ ቦታ አለው ወይስ የመሐንዲስ ብቻ ነው?

መልስ፦ አብሽሪ፣ ቦታው ሰፊ ነው። እንዲያውም ሰው የሚሞተው ብዙ ጊዜ ስሌት ስለጎደለ ሳይሆን መልእክቱ በሰዓቱ ስላልደረሰ ወይም ደርሶም ስላልታመነ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ የመጣው ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ነበር፤ ከ200 በላይ ሕይወት ጠፋ። እንዲህ ላለው ሌሊት በየቀበሌው አስቀድሞ ማን ማንን እንደሚቀሰቅስ መታወቅ አለበት። የትኛው ቤት የአልጋ ቁራኛ አዛውንት አለ? ትናንት ገብቶ ሰፈሩን የማያውቀው ተከራይ ማን ነው? እድሩ፣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ለምን ምልክት እንደሚውሉ ማን ያስማማል? ይህ የአንቺ ሙያ ነው።

ሌላም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ መጀመሪያ በናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሰው ተሰብስቦ ሲቆፍር፣ ሁለተኛ ናዳ በላዩ ወረደ። ወንድሙ የተቀበረበትን ሰው «ቆይ፣ ገደሉ ይታይ» ብሎ ማቆም ከባድ ነው። ሕዝቡ የሚሰማው፣ ሥልጣኑም የተሰጠው አንድ ሰው ቦታው ላይ መኖር አለበት። ደሴም ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ይህን ቦታ ማን እንደሚይዝ ከአሁኑ መወሰን አለበት። ትምህርቱን መቀጠል ከፈለግሽ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ያስተምራል።

ጥያቄ፦ አባቴ ወንዝ ዳር የተተከለውን ሜትር እያየ ጠዋትና ማታ ውሃው የት እንደደረሰ ይመዘግባል። የሚከፈለው ትንሽ ነው፤ ዘመድ «ይህም ሥራ ሆነ?» ይለዋል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ያለ አባትሽ ደብተር የእኛ ሥራ እንደሌለ ንገሪያቸው። ድልድይ ስንት ሜትር ከፍ ይበል፣ ቤት ከየት ወዲህ እንዳይሠራ ይከልከል የሚለው የሚሰላው እሱ ለዓመታት ከጻፋቸው ቁጥሮች ነው። አንድ ወር ከጎደለ ኋላ ገንዘብ ከፍሎ መግዛት አይቻልም።

ልትነግሪው የምፈልገው ነገር አለ። ንባቡ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ነው። እንደ ቦርከና ያለ ከተራራ የሚወርድ ወንዝ ግን ምሽት 2 ሰዓት ሞልቶ ሌሊቱን ሊጎድል ይችላል። ጠዋት ሲነበብ ረግቷል፤ በደብተሩ መሠረት ጎርፍ አልነበረም ማለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ባደረ ጠዋት ሜትሩ ወይም የድልድዩ ምሰሶ ላይ ውሃው ለጥፎት የሄደውን ገለባና የጭቃ መስመር ይፈልግ። ከፍታውን አንብቦ «የጎርፍ ምልክት» ብሎ በአስተያየት ቦታው ላይ ይጻፈው፤ ከመደበኛው ንባብ ጋር አይቀላቅለው። ወንዙ እየነዳ ሳለ ግን ፈጽሞ እንዳይወርድ።

በእኔ እምነት ከጎርፍ ሠራተኞች ሁሉ መጀመሪያ ክፍያው መስተካከል ያለበት የእሱ ነው፤ ከእኛ ከቢሮዎቹ በፊት።

ጥያቄ፦ ልጄ ሆይ፣ እኔ ወንዝ ዳር 30 ዓመት ስኖር ውሃ ደጄን ነክቶት አያውቅም። አሁን መጥተው «የ50 ዓመት ጎርፍ» ይሉኛል። ምን ማለታቸው ነው?

መልስ፦ አባባ፣ በየ50 ዓመቱ ቀጠሮ ይዞ ይመጣል ማለታቸው አይደለም። በማንኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ ከ50 አንድ ነው ማለት ነው። እንዲህ ሲሰላ በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የማየት ዕድልዎ ከመቶ 45 ያህል ነው፤ ሳያዩት መቆየትዎ የሚያስገርም አይደለም፣ ለከርሞ ዋስትናም አይሆንዎትም። ዕድሉም ባለበት አይቆይም፤ ላይኛው ተፋሰስ ላይ ዛፉ ከተመነጠረና መሬቱ በአስፋልትና በቆርቆሮ ከተሸፈነ ያው ዝናብ ብዙ ውሃ ይዞ ይወርዳል። የመጡትን ልጆች ካርታውን አውጥተው ቤትዎ የት እንደወደቀ ያሳዩኝ ይበሏቸው። ማሳየት ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦ ደመወዙስ?

መልስ፦ በመንግሥት ስኬል ነው፤ ብዙ አትጠብቁ። አማካሪ ድርጅትና የእርዳታ ድርጅት የተሻለ ይከፍላሉ፣ ግን ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ኮንትራቱም ያልቃል።

ጥያቄ፦ የኤክስካቫተር ኦፕሬተር ነኝ። ለእኛስ?

መልስ፦ እናንተማ የምትፈለጉት ግንቦት ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምትጠሩት ግን ሐምሌ፣ ውሃው ከገባ በኋላ። በጥሩ ሒሳብ የተሠራ ካልቨርት በሃይላንድና በፌስታል አፉ ከተደፈነ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። በማኅበር ተደራጅታችሁ የቦይ ጠረጋ ጨረታ ላይ ተወዳደሩ። አንድ ነገር አደራ፦ ያወጣችሁትን ደለል ቦዩ ጠርዝ ላይ አትተዉት። በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው ያጠናሁት። ምን ልማር?

መልስ፦ ካርታ ለመሥራት ኪውጂአይኤስ (QGIS)፣ ጎርፍ ለማስላት ሄክራስ (HEC-RAS) የሚባሉትን የኮምፒውተር ፕሮግራሞች፤ ሁለቱም በነፃ ይወርዳሉ። ለልምምድ ከቦርከና፣ ከለዮሌ ወይም ከወርቃ አንዱን ወንዝ ውሰድ። በሄክራስ የሠራኸው ሞዴል ውሃው የሚወጣበትን ቦታ ሲያሳይህ በእግርህ ሂድና የዚያን ሰፈር ሰዎች ጠይቅ። እነሱ «እዚህ ድረስ ነው የደረሰው» ብለው ግድግዳ ከነኩልህ፣ ሜትርህን አውጥተህ ለካ፤ ሞዴሉን የምታስተካክለው በዚያ ነው።