ለቀን ሠራተኞች የደህንነት ትምህርት፦ እኔን ያዋጣኝ መንገድ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ የሳቅኩት ግን በራሴ ነው። ሃያ አምስት ለሚሆኑ የቀን ሠራተኞች የሥራ ላይ ጤናና ደህንነት እንድታስተምሪ ተመድበሻል። ያለሽ ሁለት ሰዓት ነው። ግማሾቹ ማንበብ አይችሉም። ባለፈው ጊዜ በስላይድ ስታስተምሪ አንቀላፍተውብሻል። አሁን "በቡድን የሚሠራ ነገር ካላችሁ አካፍሉኝ" ነው ያልሽው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

እኔም የጀመርኩት በስላይድ ነው። አርባ ስላይድ! ስለ ግራይንደር መከለያ እያብራራሁ ሳለ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ጎልማሳ ዝም ብለው ያዩኛል። የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ከግማሹ በላይ የለም። ስንጨርስ ጠጋ አሉና "ልጄ፣ መከለያው መኖር እንዳለበት እኔም አውቃለሁ። አውልቅ ያለኝ ፎርማኑ ነው። እሱን ምን ልበለው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አርባው ስላይድ ውስጥም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን በሙሉ ቀየርኩ። የቀን ሠራተኛ አደጋውን በአብዛኛው ያውቀዋል፤ አንዳንዱን ከእኛ በተሻለ። የሚቸግረው ለማን፣ መቼ፣ እንዴት ብሎ እንደሚናገር ነው። ሌላም ነገር አለ። አዲስ የገባ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመጎዳት ዕድሉ ከነባሩ ከፍ እንደሚል በተደጋጋሚ ታይቷል። ቦታውን አያውቀውም፣ መሣሪያውን አልለመደውም፣ መጠየቅም ያፍራል። የቀን ሠራተኛ ደግሞ ሁልጊዜም አዲስ ነው። ዛሬ ቁፋሮ፣ ነገ ቀለም፣ ከነገ ወዲያ ጭነት ማውረድ። የአንድ ሳይት ደንብ ብታስሸመድጂው ነገ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ይዞት የሚሄድ ነገር ብትሰጪው ይሻላል።

እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው በሰውነት ካርታ ነው። ሁለት ትልልቅ ወረቀት አያይዤ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። የሰው ቅርጽ ከፊትና ከኋላ እስላለሁ። አንዳንድ አሠልጣኝ አንዱን ሰው ወረቀቱ ላይ አስተኝቶ ዙሪያውን ይሥላል። እኔ ሞክሬው ማንም መተኛት አልፈለገም፣ ስለዚህ በእጄ እሥለዋለሁ። ሥዕሉ ቢያስቅም ችግር የለውም፣ እንዲያውም ሳቁ ይጠቅማል። ከዚያ ማርከር አድላለሁ። ቀይ የሚያምህ ቦታ፣ ጥቁር የተቆረጥክበት ወይም የተቃጠልክበት፣ ሰማያዊ ደግሞ ከአቧራና ከኬሚካል የመጣ ሳል፣ ማሳከክ፣ የዓይን ማቃጠል። መጻፍ የለም፣ ነጥብ ማድረግ ብቻ ነው።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወገቡና ጉልበቱ በቀይ ይሞላል። እዚህ ላይ ዝም በይ። ልታብራሪ እንዳትቸኩዪ። ሰዎቹ ወረቀቱን አይተው እርስ በርስ "አንተንም?" መባባል ይጀምራሉ። ሁሉም የጀርባ ሕመሙን የራሱ ድክመት ወይም የዕድሜ ጉዳይ አድርጎ ነበር የያዘው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅና የሃምሳ ዓመት ሰው እኩል ቦታ ላይ ነጥብ ሲያደርጉ ሥራው መሆኑ ይገባቸዋል። ያኔ "ከየትኛው ሥራ ነው የመጣው?" ብለሽ ጠይቂ። ወሬው ከዚያ በኋላ ራሱ ይሄዳል።

አንድ ምሳሌ ልንገርሽ። በአንድ ቡድን ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ጥቁር ነጥብ በዛ። ምንድነው ስል አርማታ ሲያስተካክሉ ይንበረከካሉ፣ እርጥቡ አርማታ ቦቲያቸው ውስጥም ይገባል። እርጥብ ሲሚንቶ በጣም አልካላይ ነው፤ በአሲድና በአልካላይ መለኪያው (ፒኤች) ከ12 እስከ 13 ይደርሳል። ቆዳ ያቃጥላል፣ ክፋቱ ደግሞ ወዲያው አያምም። ሰውየው ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ነው የሚያየው። በውስጡ ያለው ክሮሚየም ደግሞ አንዳንዱን ሰው ዕድሜ ልኩን አለርጂ ያደርገዋል። ይህን ስነግራቸው አንዱ "ታዲያ ጓንት አድርገን ነበር" አለ። የጨርቅ ጓንት ነው። በሲሚንቶ የራሰ የጨርቅ ጓንት ሲሚንቶውን ቆዳ ላይ ለጥፎ ነው የሚያውለው፣ ውሃ የማያስገባ መሆን አለበት። መንበርከኪያ ጣውላ፣ ረጅም ቦቲ፣ አጠገብ የሚቀመጥ ንጹሕ ውሃ፤ እነዚህን ግን እኔ አልነገርኳቸውም፣ ራሳቸው ናቸው ያመጧቸው።

ሁለተኛው ዘዴ የአደጋ ካርታ ነው፤ እዚህ የሚሣለው ሰውነት ሳይሆን የሥራ ቦታው ነው። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የጣልያን ፋብሪካ ሠራተኞች የራሳቸውን የሥራ ቦታ አደጋ ሲመዘግቡ ነው የጎለበተው። አራት አራት አምስት አምስት ሆነው የትናንቱን ሳይት ይሥላሉ። መሰላሉ የት ነበር፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ በየት ነው የሚያልፈው፣ ሚስማር ያለበት ጣውላ የት ተጥሏል። ትልቅ አደጋ ትልቅ ክብ፣ ትንሽ አደጋ ትንሽ ክብ። የምትፈልጊው በክቡ መጠን እንዲከራከሩ ነው።

ቁፋሮ ላይ የሚሠሩ ካሉ ክቡን ብዙ ጊዜ ያሳንሱታል። "አፈር ነው፣ ምን ያደርጋል" ይላሉ። እኔ ይህን እጠይቃለሁ፦ በየጎኑ አንድ ሜትር የሆነ የአፈር ኩብ ስንት ሰው ይከብዳል? አንዱ ሦስት ይላል፣ ሌላው አምስት። መልሱ አንድ ቶን ተኩል ገደማ ነው፣ እርጥብ ሲሆን ከዚያም በላይ። ሃያ ሰው ማለት ነው። ሃያ ሰው ፊታቸው አስቁሚና "እነዚህ ደረትህ ላይ ቢወድቁስ?" በይ። ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹ ትርጉም ይኖራቸዋል፦ 1.5 ሜትርና ከዚያ በላይ የጠለቀ ቦይ ግድግዳው መደገፍ ወይም በተዳፋት መቆረጥ አለበት፣ የወጣው አፈር ደግሞ ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይራቅ።

እግረ መንገዴን አንድ ጥያቄ ልጨምርልሽ፣ በጣም ከባዱ እሱ ነው። "ጓደኛህ ማንሆል ወይም ታንከር ውስጥ ገብቶ ወደቀ። ምን ታደርጋለህ?" ሁሉም፣ ሁሉም እገባለሁ ይላል። ደግ ሰዎች ናቸው። እዚያ ውስጥ ኦክስጅን ካለቀ ወይም ጋዝ ካለ ሁለተኛው ሰው አንደኛው አጠገብ ይወድቃል። ሦስተኛውም እንዲሁ። ስለዚህ አለመግባትን በተግባር እናለማመዳለን። አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ስልክ ይደውላል፣ አንዱ ሊገባ የሚሮጠውን ይይዘዋል። አዎ፣ የሚይዝ ሰው መመደብ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከሁለት ሰዓትሽ ቢያንስ አርባ ደቂቃውን ለአጭር ድራማ አውዪው። አንዱ ፎርማን ይሆናል፣ አንዱ ሠራተኛ። ፎርማን የሚሆነው ከራሳቸው መሃል ቀልደኛው ይሁን፣ አንቺ አትሁኚ። የፎርማኑን አነጋገር ከእኛ በላይ ያውቁታል። "ካልፈለግክ በር ላይ አሥር ሰው ቆሟል!" ሲል ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ከሳቁ በኋላ ግን ዝምታ አለ፤ ሁሉም የሰማው ቃል ነው።

የመጀመሪያው ዙር ላይ ሠራተኛው ሁልጊዜ ይሸነፋል። ወይ አንገቱን ደፍቶ መሰላሉ ላይ ይወጣል፣ ወይ ተሳድቦ ይሄዳል። ይሁን። ከዚያ ሁለተኛ ዙር። ከተመልካቹ መሃል "እኔ ብሆን እንዲህ እለው ነበር" የሚል ተነስቶ ቦታውን ይውሰድ። ሦስተኛ፣ አራተኛ ዙር እያለ ይቀጥላል። ባለፉት ዓመታት ከዚህ የተገኙት ዘዴዎች ከየትኛውም መመሪያ የተሻሉ ናቸው። ሥራውን "አልሠራም" ከማለት "እሠራለሁ፣ መሰላሉን የሚይዝልኝ ሰው ስጠኝ" ማለት ብዙ ጊዜ ይሰማል። ለብቻ ከመሄድ ሁለት ሦስት ሆኖ መሄድ። መሣሪያ ካነሱ በኋላ ከመነጋገር ዋጋ ሲደራደሩ ጓንቱንና መነጽሩንም አብሮ መደራደር። ሰው ፊት ከመናገር ፎርማኑን ገለል አድርጎ ማናገር፤ ፎርማኑም ክብር አለው። እኚያ ጣታቸውን ያጡ ጎልማሳ ያኔ አብረውን ቢሆኑ ኖሮ እላለሁ።

"ሕግ አለ ወይ?" ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። በዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ቁጥር 155 ስምምነት አንቀጽ 13 ለሕይወቱ ወይም ለጤናው አስቸኳይና ከባድ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት አምኖ ከሥራው የራቀ ሠራተኛ እንዳይቀጣ ይላል። በ2022 ደግሞ ድርጅቱ ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ጋር ደምሮታል። ያላችሁበት አገር ሕግ ምን እንደሚል ግን አጣርተሽ ሂጂ፣ በግምት አትመልሺ። እውነቱንም አትደብቂያቸው። የቀን ሠራተኛን ማንም አያባርረውም፤ በማግስቱ አይጠሩትም፣ በቃ።

ከድራማው ሌላ በእጅ የሚነካ ነገር ካለ እንቅልፍ የለም። የአንዱ ሰው ጓንት ላይ ባለ ቀለም የጠመኔ ዱቄት ሳያውቀው ቀቢ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቀለሙ ፊቱ ላይ፣ የውሃ ጠርሙሱ ላይ፣ ስልኩ ላይ፣ የጎረቤቱ እጅ ላይ ይገኛል። ስለ ኬሚካል ከዚህ የበለጠ ንግግር አያስፈልግም። መሰላልም አምጪ። አራት ሜትር ለሚወጣ መሰላል እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይራቅ። ሜትር ለሌለው ደግሞ፣ የእግርህን ጣት መሰላሉ ሥር አስጠግተህ ቆመህ እጅህን ስትዘረጋ መዳፍህ መወጣጫውን ከነካ ልክ ነው። ሁሉም ይሞክረው። ለብሎኬትና ለድንጋይ ቆራጮች ክፍሉን አጨልሚና አቧራ ያለበት ጨርቅ ባትሪ መብራት ፊት አራግፊ። መብራቱ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ሲያዩ ይደነግጣሉ። ሳንባ የሚያበላሸው ደግሞ ከዚያም የደቀቀው ነው። ውሃ እያፈሰሱ መቁረጥ የሚባለው ነገር ያኔ ይገባል።

የሙቀት ጉዳይ ላይ አጭር ሁኚ። በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ኩባያ ውሃ፣ ባይጠማም። ለሙቀት አዲስ የሆነ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከሥራው 20 በመቶ ብቻ፣ ከዚያ በየቀኑ 20 እየጨመረ ይላል ምክሩ። ለቀን ሠራተኛ ይህን የሚፈቅድ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ተጠባበቁ እላቸዋለሁ። ጓደኛህ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተወላገደ፣ ነገር ከተምታታበት ጥላ ውስጥ አግባው፣ ውሃ አርከፍክፍበት፣ እርዳታ ጥራ፣ ብቻውን አትተወው።

ያልተሳኩልኝንም ልንገርሽ። የተቆረጠ እጅ ፎቶ ማሳየት አይጠቅምም። ሰው ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንዳንዱ ደግሞ ወንድሙን እንደዚያ አይቶት ሊሆን ይችላል። ጥያቄና መልስ ውድድርም ማንበብ የሚችሉትን ብቻ ያነግሣል። ፎርማን ክፍል ውስጥ ካለ ድራማውን እርሺው። የስም መዝገብ ስታዞሪም ለምን እንደሆነ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ፊርማ የሚያስፈራቸው አሉ፣ ምክንያትም አላቸው። "ለጥቂት የተረፍኩበት ቀን" ብለሽ ታሪክ ስታስነግሪ የራስሽን አስቀድሚ፣ መናገር ያልፈለገውን አታስጨንቂ።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ጠዋት ሥራ በሚጠሩበት ሰዓት ብትጠሪያቸው የቀን ገቢያቸውን እየቀማሽ ነው። አንድ ጊዜ የሰውነት ካርታው ሞቅ ብሎ ሳለ የጭነት መኪና ደጃፍ ላይ ቆመና ክፍሉ በአንድ ደቂቃ ባዶ ሆነ። ማርከሬን ይዘው ነው የሄዱት! አሁን ሥራ የመጠራቱ ተስፋ ካለፈ በኋላ እገናኛቸዋለሁ፣ ወይም ሁለት ሰዓቱን ሃያ ሃያ ደቂቃ አድርጌ በሚጠብቁበት ቦታ እሠራዋለሁ። የጊዜያቸውን የሚከፍል አካል ካለሽ ደግሞ ተደራደሪላቸው።

በመጨረሻ ፈተና አትስጪ። እኔ ከሁለት ሳምንት በኋላ እመለስና አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፦ "ማንን ምን አልከው?" ባለፈው ዙር አንዱ ልጅ መሰላሉን ያዝልኝ ብሎ ጠይቆ ፎርማኑ ስቆበት ያዘለት። ሌላው መነጽር ጠይቆ በማግስቱ አልተጠራም። ሁለቱንም ታሪክ ቡድኑ ፊት አስነገርኳቸው፣ ያልተጠራውን ደግሞ በሚቀጥለው ድራማ ሠራተኛውን እንዲሠራ ጠየቅኩት። እሱ ግን ፎርማኑን ነው የምሠራው አለኝ።