መልስ፦ በነሐሴ ጮቄን መውጣት ይቻላል ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ክለባችሁ በነሐሴ ቅዳሜና እሁድን ጎጃም፣ ጮቄ ተራራ ላይ ሊያሳልፍ ነው፣ ዝናቡ ያስቸግረናል ወይ ብለሃል። መውጣቱስ ይቻላል፣ ሰዓቱን ካወቃችሁበት። ክረምት ላይ ብዙ ጊዜ ጠዋት ገለጥ ይልና ከቀትር በኋላ ይዘጋል። ስለዚህ ንጋት 12 ሰዓት ተነሱ፣ 6 ሰዓት ሳይሞላ ከጫፉ ውረዱ። አናቱ 4,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ጅባራ ከሚባለው ረጅም የደጋ ተክልና ከጓሳ ሣር በቀር ምንም የሌለበት ገላጣ ስለሆነ መብረቅ ሲጀምር ሰው ተጋልጦ ይቀራል።

ዋናው አደጋ ግን ጅረቱ ነው። ጠዋት ዘላችሁ የተሻገራችሁት ውሃ ስትመለሱ ሌላ ሆኖ ይጠብቃችኋል። እናንተ ያላችሁበት ሳይዘንብ ላይኛው ላይ ጥሎ ደራሽ ሊመጣ ይችላል። ውሃው ደፍርሶ ጭራሮና ቅጠል ማምጣት ከጀመረ አትግቡ፣ እስኪጎድል ጠብቁ።

ጅንስ ይቅርባችሁ፤ ከራሰ ይከብዳል፣ አይደርቅም። ቅያሪ ልብስ፣ በተለይ ካልሲ፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ። «አረቄ ያሞቃል» የሚል ከመካከላችሁ አይጠፋም (ጎጃም ነው እንግዲህ)፤ ለጊዜው የሞቀ ይመስላል እንጂ ሰውነት ሙቀቱን ያጣል። ከወረዳችሁ በኋላ ይድረስ።

አርብ ደብረ ማርቆስ እደሩ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በአባይ በረሃ የሚያልፈውን መንገድ በማታና በጭጋግ አትንዱት። ተራራው ላይ ራሱን ያመመውና ያቅለሸለሸው ካለ ወዲያው ይውረድ፣ ብቻውን ግን አትላኩት።