«እውነት መኪና የማይገባበት መንገድ አለ?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የምኖረው ፈረንሳይ ሊዮን ነው፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትልቋ 9 ትንሹ 6 ዓመቱ ነው። አምና ሰው ሁሉ ሎዋር ሎዋር ሲል እኛም የሎዋርን ወንዝ ይዘን በሳይክል ወጣን፣ የሳይክሉን ምልክት እየተከተልን ደስ ብሎን ስንሄድ ቆይተን ድንገት መኪና የሚበርበት አስፋልት ላይ አወጣን። ልጄ ደንግጣ ከመንገድ ወጥታ ሳሩ ላይ ወደቀች፣ ተመስገን ምንም አልሆነችም ግን ከዛ ወዲህ ሳይክል ሲባል ፊቷ ይለዋወጣል። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ አንድ ሳምንት እረፍት አለን። ገጠሩ ውስጥ መኪና ጭራሽ የማይገባበት መንገድ አለ ወይስ ወሬ ነው?

መልስ፦ እህቴ እንኳን ልጅሽ ተረፈች። አለ፣ ወሬ አይደለም፣ ግን ስያሜውን መለየት ያስፈልጋል፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። ፈረንሳዮች «ቬሎሩት» የሚሉት ምልክት የተተከለለትን ረጅም የሳይክል ጉዞ መስመር ነው፣ ከፊሉ ለሳይክል ብቻ የተከለለ ይሆናል ከፊሉ ደግሞ መኪና አይበዛበትም የተባለ የገጠር መንገድ ላይ ያልፋል። «ቮዋ ቬርት» የሚሉት ግን ሞተር ያለው ነገር የማይገባበት፣ ለሳይክል ለእግረኛና ለፈረሰኛ የተተወ መንገድ ነው፣ በፈረንጆቹ 2004 የትራፊክ ህጋቸው ውስጥ በስሙ ገብቷል። የሎዋሩ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ቆንጆ አይደለም አልልም፣ ግን ቬሎሩት ነው፣ ስለዚህ ምልክቱን ተከትላችሁ መኪና መሀል መግባታችሁ የናንተ ጥፋት አልነበረም። ካርታ ስታዪ «ይሄ ቁራጭ ቮዋ ቬርት ነው ወይ?» ብለሽ እየቆራረጥሽ እዪው፣ የመስመሩ ስም ብቻውን ምንም አይነግርሽም።

ለናንተ የምመርጠው ቡርጎኝን ነው። ሶን ኤ ሎዋር በሚባለው አውራጃ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ 44 ኪሎ ሜትር የሚሄደው መንገድ በ1997 ሲከፈት የፈረንሳይ የመጀመሪያው ቮዋ ቬርት ነበር፣ የድሮ የባቡር ሀዲድ ተነስቶለት ነው አስፋልት የተነጠፈው። የባቡር መስመር መሆኑ ደግሞ ለልጅ ትልቅ ነገር ነው። የእንፋሎት ባቡር ዳገት አይችልም ነበር፣ ስለዚህ መሀንዲሶቹ ኮረብታውን ቆርጠው ሸለቆውን ሞልተው መስመሩን ለጥ አድርገውታል፣ የ6 ዓመት ልጅ ትንሽዬ ሳይክል ያለ ማርሽ ይዞ እንኳን ይወጣዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይን ገጠር በእንዲህ አይነት ትናንሽ ሀዲዶች ሞልተውት ነበር፣ መኪና ሲመጣ ብዙዎቹ ተዘጉ፣ ዛሬ ልጆች ሳይክል የሚነዱባቸው እነሱ ናቸው።

ከሊዮን ወደ ዲዦን በሚሄደው ቴኤር በሚባለው የክልል ባቡር ተሳፍራችሁ ሻሎን ሱር ሶን ውረዱ። ከዛ እስከ ዢቭሪም ተቀጥሏል፣ በክሉኒ በኩል ደግሞ ማኮን አጠገብ ያለችው ሻርኔ ድረስ ይሄዳል፣ ጠቅላላው ወደ 70 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሲያልቅ ማኮን ላይ ባቡር ተሳፍራችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ጎበዝ ሰው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል ግን እባክሽ እንዳታደርጊው! አራት ቀን ስጪው። መጀመሪያ ቀን ዢቭሪን አልፋችሁ ቡዊክሲ እደሩ፣ ግራና ቀኙ የወይን እርሻ ነው። በማግስቱ ኮርማታን፣ 17ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተሰራ ቤተመንግስትና ልጆች የሚሯሯጡበት የአትክልት ቦታ አለው። ሶስተኛው ቀን በጣም አጭር ነው፣ በቴዜ በኩል አድርጎ ክሉኒ ያስገባችኋል፣ ቴዜ ከየሀገሩ የሚመጡ ወጣቶች ለጸሎት የሚሰበሰቡባት በ1940 የተመሰረተች ማህበር ያለባት መንደር ናት፣ ዝማሬያቸውን ገብቶ መስማት ይቻላል። ክሉኒ ደግሞ በ910 የተመሰረተው ገዳም ያለባት ናት፣ ሮም ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ እስኪሰራ ድረስ በክርስትናው አለም ከሱ ቤተክርስቲያን የሚበልጥ አልነበረም፣ አሁን የቀረው ቁራጩ ነው ግን ቁራጩም ቀና ብሎ ያስመለክታል።

በመጨረሻው ቀን ቧ ክሌር የሚባል 1.6 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ ታገኛላችሁ። ሐምሌም ቢሆን ውስጡ ይበርዳልና ለልጆቹ ሹራብ ከላይ አድርጊ፣ የራሳችሁንም መብራት አብሩ፣ ልጅሽ ፈሪ ከሆነች ከመግባታችሁ በፊት ቁጭ በሉና የሌሊት ወፎቹን ታሪክ ንገሪያት። ብርዱ ሲገባ ዋሻው ይዘጋል፣ ለምን ብትይ የሌሊት ወፎች የብርዱን ወራት የሚተኙት እዛ ስለሆነ። እኔ ሳውቅ ልጅ ይሄን ከሰማ በኋላ ዋሻውን መፍራቱን ይተውና ጣራ ጣራውን ማየት ይጀምራል።

አንድ ነገር ግን ልደብቅሽ አልፈልግም፣ ቮዋ ቬርት መኪና ባይገባበትም መኪና ያለበትን መንገድ እያሰለሰ ይሻገራል። መሻገሪያው ጋ ቅድሚያ ያለው አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ነው፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን «ግንድ ወይ ብረት ካየሽ ትቆሚያለሽ፣ እኔ ሳልደርስ አትሻገሪም» የሚል ህግ አውጪ፣ መሻገሪያው ላይ መኪና እንዳይገባ የተተከለ ነገር አይጠፋምና ለልጅ ጥሩ ምልክት ነው። ትንሹን ከኋላ በሚጎተት ጋሪ የምታደርጊው ከሆነ ደግሞ አንዳንዱ ማለፊያ ጠባብ ነው፣ ወርደሽ መግፋት ይኖራል። ሄልሜት ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከ2017 ጀምሮ ግዴታ ነው፣ ቅጣቱ 135 ዩሮ ነው የሚከፍለውም አዋቂው ነው። እሁድ ከሰአትና ሰኞ የገጠር ሱቅ ዝግ ነው በይው፣ በአዘቦቱም ቀን ምሳ ሰአት ላይ ይዘጋሉ፣ ዳቦና ፍራፍሬ ጠዋት ጠዋት ግዢ። ውሃ ሲያልቅባችሁ የመቃብር ቦታ ፈልጉ፣ አትደንግጪ፣ የፈረንሳይ መንደር መቃብር ቧንቧ አያጣም፣ «ኖን ፖታብል» (አይጠጣም ማለት ነው) የሚል ካልተጻፈበት ሳይክለኛው ሁሉ ከዛ ነው የሚቀዳው።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኛዬ ድንኳን ይዘን ከቦርዶ ተነስተን ሜዲትራኒያን ድረስ በካናል ዳር መሄድ እንፈልጋለን፣ ሁለት ሳምንት አለን። ቀጭን ጎማ ያለው ሳይክል ነው ያለን፣ ይሆናል? ጭር ያለ ቦታ ነው የምንወደው።

መልስ፦ ወንድሜ ጊዜው በደንብ ይበቃችኋል፣ ጎማው ግን ከቱሉዝ ትንሽ አለፍ እስክትሉ ነው የሚያዛልቃችሁ። ከቦርዶ ወጣ ብላ ካለችው ላትሬን እስከ ሶቭቴር ደ ጊየን የሚሄድ የድሮ ሀዲድ አለ፣ ወደ 57 ኪሎ ሜትር፣ በ1937 የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊ በነበረው በሮዤ ላፔቢ ስም ነው የሚጠራው። ከሶቭቴር እስከ ጋሮን ካናል፣ ማለት ለጀልባ ተብሎ እስከተቆፈረው የውሃ መንገድ፣ ትንሽ የገጠር አስፋልት ትነዳላችሁ፣ እዛች ጋ መኪና አለ፣ ከዛ በኋላ ግን እስከ ቱሉዝ የውሃውን ዳር ይዛችሁ አስፋልት ላይ ነው። ካናሉ 193 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዛፍ ጥላ ጥላውን፣ በየተወሰነ ርቀት ኤክሉዝ ታገኛላችሁ፣ ማለት ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚልበት የውሃ በር፣ ከኤክሉዝ ኤክሉዝ እየቆጠሩ መሄድ ደስ ይላል። አዣን ላይ ካናሉ ራሱ በ23 ቅስት ድልድይ የጋሮንን ወንዝ ተሻግሮ ያልፋል፣ 539 ሜትር ነው፣ እናንተ ዳሩን ስትነዱ ጎናችሁ ጀልባ ከስራችሁ ወንዝ ይሄዳል። ሞዋሳክ ስትደርሱ ገዳሙን ሳታዩ እንዳታልፉ፣ ግማሽ ቀን ስጡት።

ከቱሉዝ ተነስቶ ሜዲትራኒያን ዳር «ሴት» (Sète) እስከምትባለው ከተማ ድረስ ያለው ካናል ዱ ሚዲ 240 ኪሎ ሜትር ሲሆን ስሙ የገነነው እሱ ነው፣ ፒየር ፖል ሪኬ የሚባል ሰው በ1666 ጀምሮት በ1681 የተከፈተ፣ ዩኔስኮም በ1996 መዝግቦታል። ሪኬ ያስቸገረው ጥያቄ ውሃው ከየት ይምጣ የሚለው ነበር፣ የካናሉ ከፍተኛው ቦታ ኖሩዝ የሚባለው ነው፣ እዛ ላይ ውሃ ከሌለ በሁለቱም በኩል ካናሉ ይደርቃል፣ ስለዚህ ከሞንታኝ ኗር ተራራ ወንዞችን ጠልፎ አመጣ፣ ኖሩዝ ላይ ቆማችሁ ውሃው አንዱ ወደ አትላንቲክ አንዱ ወደ ሜዲትራኒያን ሲሄድ ታያላችሁ። እውነቱን ልንገርህ ግን፣ ከቱሉዝ ስትወጡ እስከ ፖር ሎራጌ 50 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልቱ ለስላሳ ነው፣ ከዛ ወዲያ ብዙ ቦታ አፈር፣ ጠጠርና የዛፍ ስር ይሆናል፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጭቃ። ወፈር ያለ ጎማ ግጠሙ፣ ለየብስክሌቱ ሁለት ሁለት ካላማዳሪ ያዙ። ጥላውንም አትመኩበት፣ ከ2006 ጀምሮ የካናሉን ዛፎች የሚያደርቅ የፈንገስ በሽታ ገብቶ ብዙ ሺህ ዛፍ ተቆርጧል፣ አዲስ ተተክሏል ግን ገና ልጅ ነው፣ ራቁቱን የቀረ ቦታ ስታይ ያሳዝናል። በቀትር አትንዱ።

ጭር ያለ ካልክ ግን አንድ ምክር ልጨምር፣ ሌላ ጊዜ ብሪታኒ ሂዱና የናንት ብረስት ካናልን ያዙ። ከ360 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የድሮ የጀልባ መጎተቻ መንገድ ላይ፣ ማልትሯ፣ ዦስላን፣ ፖንቲቪ እያላችሁ፣ ሰው የማታዩበት ሰአት ብዙ ነው። እኔ ከሁሉም እሱን ነው የምወደው። ዝናብ ልብስ ብቻ እንዳትረሱ።

ስትመለሱ በቴዤቬ፣ ማለት በፈጣኑ ባቡር፣ ከሆነ ሳይክል የሚቀበለውን ባቡር ለይታችሁ ቀድማችሁ ያዙ፣ ለሳይክሉ 10 ዩሮ ይከፈላል፣ ቦታው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። በቴኤር አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ነው።

ጥያቄ፦ 66 ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ያመኛል፣ ልጆቼ በኤሌክትሪክ የሚሰራ ሳይክል ገዙልኝ። ቮዋ ቬርት ላይ ሞተር ክልክል ነው ሲባል ሰምቼ ተውኩት።

መልስ፦ አባቴ አይተዉት! ክልከላው እርስዎን አይመለከትም። ፔዳል ሲረገጥ ብቻ የሚያግዝ፣ ሀይሉ ከ250 ዋት የማይበልጥና 25 ኪሎ ሜትር በሰአት ላይ ማገዙን የሚያቆም ከሆነ ህጉ እንደ ማንኛውም ሳይክል ነው የሚያየው። የሚከለከለው ሞተር ሳይክልና ፔዳል ሳይመታ የሚሄደው ነው።

ለእርስዎ ደቡብ ላይ ከማዛሜ እስከ ቤዳሪዩ የሚሄደውን ፓሳ ፓይስን እመርጥልዎታለሁ፣ 80 ኪሎ ሜትር ግድም የድሮ ሀዲድ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ የባቡር ጣቢያ አለ፣ ተራራ መሀል ሆኖ ዳገቱ አይታወቅም። ሶስት ቀን ያድርጉት፣ ሴን ፖን ደ ቶሚየር አንድ አዳር፣ ኦላርግ አንድ አዳር፣ ኦላርግ ላይ የመካከለኛው ዘመን የድንጋይ ድልድይ አለ፣ ማታ ፀሀይ ስትገባ ወርደው ይዩት። ማደሪያ ሲፈልጉ በሩ ላይ «አክዬ ቬሎ» የሚል ምልክት ያለውን ይምረጡ፣ ለሳይክለኛ የተዘጋጀ ነው፣ ሳይክሉን የሚቆልፉበት ቦታም ይሰጡዎታል። ሲደውሉ ግን ባትሪውን ማታ ክፍልዎ ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ቀድመው ይጠይቁ፣ ባትሪዎም የሚነቀል መሆኑን ከቤት ሳይወጡ ያረጋግጡ፣ ቻርጀሩን ደግሞ ከልብሱ በፊት ቦርሳ ውስጥ ይክተቱት።