ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊ

«የ13 ዓመት ልጄን የሩጫ አሰልጣኟ ማታ ማታ መልእክት ይልክላታል፤ እግሯን ማሳጅ የሚያደርግላትም እሱ ነው። ማንን ላናግር?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦ እኔም እዚሁ ሜሪላንድ ደርሶብኛል።

1. እሱን አታናግሪው፤ ይዘጋጅበታል። መልእክቶቹንም ቀንና ሰዓታቸው እየታየ ፎቶ አንሺያቸው እንጂ አታጥፊ።

2. ቢሮ ስትሄጂ ልጅሽን ለአስተርጓሚነት አትውሰጃት። እኔ ወሰድኋት። እንግሊዝኛዬ ለሥራዬ ይበቃኛል፤ ለዚህ ነገር ግን ቃል አጣሁ። የክለቡ ኃላፊ ምሳውን እየበላ ተቀበለን። «መኪናው ውስጥ ለብቻዋ አስቀምጦ እግሯን ያሻታል፤ እምቢ ስትል ከውድድር ያስቀራታል» አልሁ። ልጄ የሹራቧን ክር በጣቷ እየጠቀለለች ተረጎመች። ሰውየው አንድ መስመር ጻፈና «እናነጋግረዋለን» ብሎ ሸኘን። እውነቱን የነገረችኝ ከአራት ወር በኋላ ነው። አፍራ «እግሬን ያመኛል፣ አሰልጣኙም ይቆጣኛል» ነበር ያለችው። በእነዚያ አራት ወራት በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ልምምድ ያደረስኋት እኔው ነኝ።

ያንን ኃላፊ እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁትም። የ12 ዓመት ልጅ አንገቷን ደፍታ ስትንተባተብ እያየ «አስተርጓሚ ልጥራ» አላለም!

በሁለተኛው ጊዜ ፖሊስ ጋ ሄድሁ። «አማርኛ» ብዬ ስጠይቅ በስልክ አስተርጓሚ አገናኙኝ፤ ልጄ ከአክስቷ ጋር ውጭ ቆየች። ከዚያ በስፖርት ውስጥ የሚደርስ ጥቃትን ለሚመረምረው፣ ሴፍስፖርት ለሚባለው ማዕከል አመለከትሁ። ክለብሽ በብሔራዊ ፌዴሬሽን ሥር ከሆነ ያንቺም ጉዳይ እነሱን ይመለከታል። በደንባቸው አሰልጣኝ ለልጅ ለብቻዋ መልእክት አይልክም፤ ወላጅ ወይም ሌላ አዋቂ መካተት አለበት። ማሳጅም ሌላ አዋቂ በሌለበት ክልክል ነው። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በእነዚህ ክለቦች ከልጆች ጋር የሚሠሩ አዋቂዎች ጥቃት ከጠረጠሩ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቁ የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል። ይህን ባውቅ ኖሮ ያ ሰው በአንድ መስመር አይሸኘኝም ነበር።

«ማሳጅ እኮ የሥራው ነው» የሚሉሽን አትስሚ። የአሜሪካ ጂምናስቲክ ቡድን ሐኪም የነበረው ላሪ ናሳር ጂምናስቲክ የሚሠሩትን ልጆች ሕክምና ነው እያለ ሲበድል፣ አንዳንዶቹ ወላጆች እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

ልጄ ዛሬ በሌላ ክለብ 1500 ሜትር ትሮጣለች። አዲሷ አሰልጣኝ የምትልከው መልእክት ሁሉ ለእኔም ይደርሰኛል።

ፖሊስ ጋ የምትሄጂበትን ቀን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። አንቺ ስታስረጂ ልጅሽ ከእኔ ጋር ትቆያለች።